አሳዳጊው ገላው

ቢቸና ውስጥ አንድም ልጅ ሳይወልድ ብዙ ልጅ ያሳደገ ሰው ቢኖር ገላው ነው። ይህን የሰማ እንግዳ የሙት ልጆችን ሰብስቦ የሚያበላ ደግ ሰው ይመስለው ይሆናል። ገላው ግን ፎቶ አንሺ ነበር። የሚያሳድገውም ፎቶ ነው፤ ያውም የሟች ፎቶ። በእኛ አገር ሰው በሕይወት ሳለ መታወቂያ ላይ ከምትለጠፍ ጉርድ ፎቶ የበለጠ አያስፈልገውም። የሚከበረው ሲሞት ነው። ቤተሰቡ ያችኑ ጉርድ በመሐረብ ጠቅልሎ ወደ ገላው ይሮጣል፤ እሱም ትሪ አሳክሎ ያሳድግና መስታወት ውስጥ ይከታታል፤ እናት ወይም እኅት ደረቷ ላይ ታቅፋ ድንኳኑ መሐል እየዞረች ታለቅስበታለች። ስለዚህ ሰዉ ስሙን ትቶ «አሳዳጊው» ይለው ነበር። «እነ እገሌ አሳዳጊው ጋ ሄዱ» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ሞተ?» ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእሱ ፎቶ ቤትና የእኔ ሱቅ በኮምፖርሳቶ የተከፈለ አንድ ቤት ነበር። ኮምፖርሳቶ ደግሞ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም። ስለ ገላው የማወራው አብዛኛው በዚያ በኩል የመጣ ነው፤ ያልሰማሁትን ራሱ ነግሮኛል።

ገላው ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት ደርግ ሲወድቅ አገር ምድሩ ጠመንጃውን ሲያስረክብ፣ እሱ የሚያስረክበው ጠመንጃ አልነበረውም፤ ጦሩ ውስጥ ሥራው አዛዦች ካርታ ላይ ጣታቸውን ቀስረው ሲያስቡ ማንሳት ነበር። ካሜራውን ማንም አልጠየቀውም። እሱም ማስታወሱ አስፈላጊ ሆኖ አልታየውም። በአንገቱ አንጠልጥሎ ቢቸና ገባና ግድግዳ ላይ ፏፏቴ አሣለ፤ ከፏፏቴው ሥር አንድ አውሮፕላን አቆመ። አውሮፕላኑ እዚያ ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው የለም። ጉርድ ለሚነሱት ደግሞ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮት እኔ ሰፋሁለት። ገበሬውም ተማሪውም ያንኑ ኮት ለብሶ ይነሳል፤ ሲሞትም ያንኑ እንደለበሰ ያድጋል። እንግዲህ የቢቸናና የአካባቢው ሰው ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚሄደው በእኔ ስፌት ነው። እስካሁን ከዚያ የደረሰኝ ቅሬታ የለም።

ኋላ የመተማ ሰሊጥ ዝናው በረታ። ሐምሌ ሲገባ ለአረም፣ ጥቅምት ሲገባ ለአጨዳ የእኛም የሞጣም ወጣት ወደ ጠረፉ ይጎርፋል። የደፈረው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ይገባል። የቀናው ጃኬት ለብሶና ሞባይል ይዞ ይመለስና መንደሩን በዘፈን ያደነቁራል። ያልቀናው ወባ ወይም ካላዛር ይዞት ሆዱ ተነፍቶ ይመለሳል። ጨርሶ ያልቀናው በገላው በኩል ይመለሳል፤ አባቱ ጉርዱን ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ኮቱን ለብሶ እዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ተኮሳትሮ ይታያል።

ገላው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ገበያው ደርቶለታል። ሰውየው ግን ለንግድ አልተፈጠረም። አንድ ቀን ሦስት አባቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተራ ሲጠብቁ አይቶ ወደ እኔ ሱቅ መጣና ጨርቅ ክምር ላይ ዘፍ አለ።

«እነዚህን ልጆች ያነሳኋቸው እኔ ነኝ» አለኝ። «ሳቁ ስላቸው እምቢ ያሉኝ ናቸው። አሁን ሞተው ትልቅ ሆኑ። በሕይወት ሳሉ አንድ ሰው እንዲህ ትልቅ አድርጎ ቢያያቸው ምን ነበረበት? ያየ ሰው ዝም ይል ነበር?»

ዝም ይል ነበር ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ዓይኑ እንባ ስላቀረረ ተውኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገው፤ አንድ የሰሊጥ ሠራተኛ፣ አንድም ቢሆን፣ ሳይሞት አሳድጎ ለአገሩ ማሳየትና ወደ ቤቱ ማስመለስ።

እማማ ፋንታነሽን ያወቅኋቸው በዚያው ሰሞን ነው። ከሞጣ በርበሬ እያመጡ ቢቸና ገበያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የልጃቸውን የያየህን ጉርድ ይዘው ወደ ገላው ገቡ። ያየህ የበሬ መግዣ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወደ መተማ ከሄደ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ወሬው ጠፍቷል።

«እንዲችው ትንንሽ አድርገህ አባዛልኝ» አሉት። «ወደዚያ ለሚሄዱ የአውቶቡስ ረዳቶች እሰጣለሁ።»

ገላው ጉርዷን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አያት። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሳለ የተነሳት ናት፤ ጢም እንኳ አላበቀለም። «እማማ፣ ይቺ እኮ ትንሽ ናት። ረዳቱ ከዚያ ሁሉ ሰው በምን ይለየዋል? ትንሽ ላሳድገውና …»

ጩኸታቸው የእኔን መርፌ ሰበረ። «ያሳደግሁት እኔ ነኝ! ልጄን እኔ አሳድጌዋለሁ፤ አንተ እንዳታሳድግብኝ! በላይኛው ጌታ ይዤሃለሁ፣ እንዳታሳድገው!»

«አላሳድግም እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላሳድግም።»

ትንንሽ አድርጎ አባዛላቸው። አንዷን ለራሱ አስቀርቶ፣ «ካገኘሁት ይዤልዎት እመጣለሁ» ብሎ ማለላቸው። በየት በኩል መተማ እንደሚሄድ ያን ጊዜ እሱም አያውቅም።

መንገዱን ያበጁለት አንድ ጽሕፈት ቤትና አንድ ድርጅት ናቸው። የጽሕፈት ቤቱ ስም ሲነበብ ስለሚያደክም አልጽፈውም። ኃላፊው አቶ አስናቀው ይባላሉ። ከድርጅቱ የተላከችው ባለሙያ ሉሊት ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ልቧ ጥሩ ነው፤ ስታዝን ከልቧ ነው፤ ያሳዘናትን ነገር በአማርኛ መናገር ግን ይቸግራታል። ለገላው ሥራውን ስታስረዳው ሰማሁ።

«ጋሽ ገላው፣ የፍልሰተኞቹን ቮይስ በፎቶ አምጥተን አድቮኬሲ እንሠራለን።»

«ምን እንሠራለን?»

«አድቮኬሲ!»

በማግሥቱ ገላው አቮካዶ ሊያስመጣ ነው የሚል ወሬ ቢቸናን ሞላት። ጓሮ ያለው ሁሉ ችግኝ አስቀምጥልኝ እያለ ይመጣ ጀመር። እኔም በጉርብትናዬ ቀድሜ አስይዣለሁ።

ገላው ግን ነገሩ በራሱ መንገድ ገብቶታል። «ፎቶውን ትልቅ አድርገን ነው የምንሰቅለው?» አላት።

«በጣም ትልቅ!»

«በሕይወት ያሉትን?»

«እንዴ ጋሽ ገላው! በሕይወት ያሉትን ነዋ!»

ያን ቀን ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ጋበዘኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሰርግ ያላየሁት ሰው ሙሽራ መሰለ።

በጥቅምት ሄደ። አቶ አስናቀውም ሥራውን በቅርብ ሊከታተሉ አበል አውጥተው አብረውት ተነሡ። ጎንደር ሲደርሱ የመተማ ሙቀት እንደማይስማማቸው ትዝ ስላላቸው፣ ከሆቴላቸው ሆነው በቅርብ ተከታተሉ።

ገላው እዚያ ያየውን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሰዎቹ የሚተኙት ዱላ ላይ በተዘረጋ ላስቲክ ሥር ነው። የሚጠጡት ከብቱ የገባበትን ኩሬ ነው። የታመመው ነዶ ተደግፎ ይቀመጣል፤ የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው የታመመበትን ቀን አይቆጥርለትም፤ ስለዚህ እየተንቀጠቀጠ ተነሥቶ ያጭዳል። ሰው መሆናቸውን አምኖ የተቀበላቸው ትንኙ ብቻ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ተናደድሁ፤ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ።

የያየህን ጉርድ ላገኘው ሁሉ አሳየ። የለም አሉት። አንድ ጢሙ ያደገ፣ ጭንቅላቱን በፎጣ የጠመጠመ ከሲታ ሰው ብቻ ጉርዷን ከሌሎቹ ረዘም አድርጎ አየና፣ «አላውቀውም» ብሎ መለሰለት። ስምህ ማነው ቢለው «ምናለ» አለ። ገላው አነሳው። ፊቱ ጥሩ ፊት ነበር፤ አጥንቱ ሁሉ ይናገራል። ፎቶውን እልክላችኋለሁ ብሎ የካቦውን ስልክ ቁጥር ተቀበለ።

ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው አቶ አስናቀው ቢሮ መሄድ ነው። የታመሙትን ብቻ እንኳ የሚያመጣ አንድ መኪና እንዲላክ ለመነ። አቶ አስናቀው በጥሞና አዳመጡት። መኪና እንዳለ፣ ነገር ግን ለዚህ ዓይነት ጉዳይ በጀት እንዳልተያዘለት፣ ሰዎቹም በራሳቸው ፈቃድ እንደ ሄዱ አስረዱት። «አንተ ፎቶውን አሳድገው» አሉት፤ «ሕዝቡ ይንቀሳቀስ። የቀረው በሂደት ይታያል።»

ፎቶዎቹ የሚሰቀሉበት ኤግዚቢሽን ሞጣ እንዲሆን ተወሰነ፤ ብዙ ልጅ የላከችው እሷ ናት። ፎቶዎቹ ባሕር ዳር ታትመው ሲመጡ በር አክለዋል። ገላው ከፎቶዎቹ ሥር ስም ሊጽፍ ብሎ ነበር፤ ሉሊት የሰዎቹን ክብር ለመጠበቅ ስም አይጻፍ አለች። ክብራቸው ተጠበቀ፤ ማንነታቸው ጠፋ። ቀለሙ ጎልቶ እንዲታይም ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ይሁን አለች፤ ጨርቁን የሰፋሁትና ሞጣ ድረስ ይዤ ሄጄ የሰቀልሁት እኔ ነኝ። የከተማው አዳራሽ በዕለቱ ስለ አዳራሽ እጥረት በሚመክር ስብሰባ ስለተያዘ፣ አቶ አስናቀው የእድሩን ድንኳን ተዋሱ። መሪ ቃሉን ራሳቸው ደረሱት። ከፎቶዎቹ በላይ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ፦ «አንረሳችሁም!»

ገላው ጽሑፉን አይቶ ፊቱ አመድ ሆነ። «አቶ አስናቀው፣ ይሄ ነገር ልቅሶ ይሆናል።»

«ይሁን እንጂ! ስሜት መንካት አለበት።»

«እንግዲያው ከሥሩ ‹በሕይወት አሉ› ብለን እንጻፍበት።»

ሉሊት ጥሩ ሐሳብ ነው አለች። አቶ አስናቀው ግን መሪ ቃሉ ከበላይ ጸድቆ እንደመጣና ጭማሪም እንደገና መጽደቅ እንዳለበት ነገሯት። ጭማሪው ለማጽደቂያ ተላከ። እስካሁን መልስ አልመጣም።

በዕለቱ ጠዋት ሕዝቡን የሚጠራው ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ተበላሸ። አቶ አስናቀው ግን በችግር የሚበገሩ ሰው አይደሉም፤ የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ላኩት። እንግዲህ አስቡት፤ ጥሩንባ ተነፋ፣ ድንኳን ተጥሏል፣ ጥቁር ተጋርዷል፣ በር የሚያህል የወጣት ፎቶ ተደርድሯል፣ «አንረሳችሁም» ተብሏል። ሞጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ቄሱና ሼሁ ለመክፈቻ ጸሎት ወደ ፊት ሲወጡ ደግሞ የቀረ ጥርጣሬ ካለም ተነሣ።

እማማ ፋንታነሽ የመጡት እንደማንኛውም ሰው ለጎረቤት ሊያለቅሱ ነው። ማን እንደሞተ አያውቁም። ሴቶቹን «ማነው?» ብለው ጠየቁ። «እኛም አላወቅንም፤ ብዙ ናቸው» አሏቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያዩ መጡና ያ ምናለ ነኝ ያለው ከሲታ ሰው ፊት ቆሙ። ገላው ጉርዷን በኪሱ ይዞ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያላወቀውን ልጅ እናቱ በጢሙና በአጥንቱ ውስጥ አወቁት።

«ያየህ! ወይኔ ልጄን አሳደጉት!»

ቀጥሎ ድንኳኑ ተናጋ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ልጅ ማየት ጀመሩ፤ ያላዩትም የሚመስለውን መረጡ። ገላው ወንበር ላይ ወጣ። «አልሞቱም! እኔ ነኝ ያነሳኋቸው! ሁሉም ደህና ናቸው!» ብሎ ጮኸ።

ይህ ሰው ወታደር ቤት ብዙ ስለኖረ የአገሩን ወግ ረስቶታል ልበል? በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መርዶ ከመነገሩ በፊት የሚባለው ይኸው ነው፤ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነበር። ስለዚህ ገላው ደህና ናቸው ባለ ቁጥር ልቅሶው ይብስ ጀመር። እማማ ፋንታነሽ እግሩን ይዘው፣ «መቼ ነው ያየኸው? እውነቱን ንገረኝ!» አሉት።

«በጥቅምት እማማ! ትንሽ ከስቷል እንጂ ደህና ነው!»

«ትንሽ ከስቷል» ሲል እኔ ራሴ ለያየህ አለቀስሁ።

ሉሊት መሬት ላይ ተቀምጣ ታነባለች። አቶ አስናቀው ሊሾልኩ ሞክረው ነበር፤ ግን ከልቅሶ ቤት ሹም ተነሥቶ አይሄድም፤ ሽማግሌዎቹ መሐላቸው አስቀመጧቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠየቋቸው። «ሬሳቸው መቼ ነው የሚመጣው?»

አቶ አስናቀው ዙሪያቸውን አዩ። ያን ሁሉ ሕዝብ አዩ። «መኪና … መኪና እንልካለን» አሉ።

ገላው ይህን ሰምቶ ከወንበሩ ወረደ። ለታመሙት ያልተገኘው መኪና ለሬሳ በአንድ ቃል ተገኘ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ካቦው ጋ ይደውል ጀመር። ኔትወርኩ ሲገኝ ሲጠፋ ቆየ። መጨረሻ ላይ ካቦው አነሣ። «ያን ምናለ የሚባለውን አገናኘኝ» አለው፤ እማማም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው። በዙሪያው ያለን ዝም አልን፤ ዝምታው ወደ ዳር ሄዶ ድንኳኑን አዳረሰው።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ አንድ የደከመ ድምፅ።

«ፎቶ አንሺው ነኝ። አንተ ያየህ ነህ አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«እናትህ። ፎቶህን አይተው ሞቷል ብለው ልቅሶ ተቀምጠዋል። ድንኳኑ ውስጥ ነኝ።»

«ሰው መጥቷል?»

«ሞጣ በሙሉ።»

ሲናገር ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ እኔን የገደለኝ መረጋጋቱ ነው። «እንግዲያው ተወው ጋሼ። ሞቷል በላቸው።»

«ምን?»

«የመጀመሪያውን ዓመት በሽታ በላው። የሁለተኛውን መንገድ ላይ ቀሙኝ። ዘንድሮም እንደምታየኝ ነኝ። በሬ አመጣለሁ ብዬ ወጥቼ ባዶ እጄን በምን ፊቴ እገባለሁ? አንዴ አልቅሰውልኛል፤ ከሬሳ በሬ የሚጠብቅ የለም። በእናትህ ተወው።»

ልጁ በሕይወት መኖሩን ሁሉም ሰማ፤ ግን እልል ያለ የለም። እማማ ፋንታነሽ ተነሥተው ስልኩን ከገላው እጅ ነጠቁት።

«አንተ!» አሉ። «ሬሳህ ምን ይዞ ሊመጣ ነበር? ንገረኝ፣ በሬ እየጎተተ ሊመጣ ነበር?»

መልሱን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ባዶ እጁን ለሚመጣ ሬሳ ይኸው አገር ተሰብስቧል። ድንኳን ተጥሏል። ሹም መሬት ላይ ተቀምጧል። መኪናም ታዟል። በሬሳህ ያላፈርሁ በቁምህ አፍርብሃለሁ? በሬሳህ መኪና ተሳፈርና ና። ሌሎቹንም ልጆች ጭነህ ና።»

ከወዲያ በኩል ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። አንድ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ነበር የሚያለቅሰው። «እሺ እምዬ» አለ በመጨረሻ። «መኪናው መቼ ነው የሚመጣው?»

እማማ ፋንታነሽ ስልኩን እንደያዙ ወደ አቶ አስናቀው ዞሩ። «መቼ ነው የሚመጣው ይልሃል።»

ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። አቶ አስናቀው በጀት የሚለውን ቃል ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አጠገባቸው የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አዩና መልሰው ዘጉት። «ነገ» አሉ።

እማማ ፋንታነሽ ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱ።

«ነገ ነው» አሉት። «እስከዚያ እንዳትሞትብኝ።»